አሮጌ ኬዝ ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር ይገባል ወይ? ከማርቆስ የመጣው ጥያቄና ያስነሣው ክርክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ላይ የከፈተው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሲዘጋ አሮጌ የዴስክቶፕ ኬዝ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚታሰሩበት የብረት ሣጥን፣ እጁ ገባ። ረዘም ያለ የቁም ኬዝ ነው፤ ላሜራው ወፍራም፣ ነጩ ቀለሙ በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ። ፊቱ ላይ ሦስት የሲዲ ማጫወቻ ቦታዎች አሉት፤ ከሥራቸው ደግሞ የፍሎፒ ቀዳዳ። ቆራሌው በኪሎ ሊወስደው ነበር፤ ልጁ አስቀረው። አሁን ውስጡን ባዶ አድርጎ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ዋና ቦርድ) እና አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ሊያስገባበት አስቧል። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ይገባል ወይ? ከገባስ አይግልም ወይ?

እግረ መንገዱንም ሁኔታውን ተናግሯል። ገንዘቡን ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ ጨርሶታል፤ አዲስ ኬዝ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አቅም የለውም። ደግሞ ኬዙን ወዶታል። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ምክንያት ብቻውን በቂ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ስለዚህ ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልሱን ሰንሰለት፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላቅርብላችሁ። ሐሳብ ባለኝ ቦታ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ። የማምንበትን ከአሁኑ ልናገር፦ በአሮጌ ኬዝ ትልቁ ችግር አየር ነው። መጠኑን ማንም ሰው ሜትር ይዞ ይፈታዋል። አየሩን ግን ብዙዎች የሚያስታውሱት ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ መጥፋት ሲጀምር ነው።

መልስ 1 ከቡሬ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጠያቂውን ወንድም ዓለም እያለ ነው የጻፈለት። ኬዙን አዙሮ ጀርባውን እንዲያይ ነገረው። የኪቦርድ፣ የዩኤስቢና የድምፅ መሰኪያዎች የሚወጡበት አራት ማዕዘን ክፍተት ካለ፣ ወርዱም 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱም 4 ተኩል ያህል ከሆነ፣ ኬዙ ኤቲኤክስ ነው። ኢንቴል ይህን የቦርድና የኬዝ ልክ ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ዋናዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ከዚያ ወዲህ ቦታቸውን አልለቀቁም። የዛሬ ቦርድ በዚያ ዘመን ኬዝ ውስጥ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ከኋላ አንዲት ክብ የኪቦርድ ቀዳዳ ብቻ ካለች ግን ኬዙ ከዚያ የቀደመው ኤቲ ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

መልስ 2 በጣም አጭር ነው፤ ከክሩ ሁሉ ግን የበለጠ የጠቀመው እሱ ይመስለኛል። የቦርዶቹን መጠን በቁጥር ጻፈ፦ ሙሉ ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170። ከዚያ ካርቶን በዚሁ ልክ ቆርጦ ኬዙ ውስጥ እንዲያስቀምጥ መከረ። የግራፊክስ ካርዱንም እንዲሁ በካርቶን ሠርቶ፣ በትክክለኛው ማስገቢያ ላይ አቁሞ እንዲያይ። ካርቶን ተቆርጦ ቢበላሽ ሌላ ካርቶን አለ። ላሜራ ግን አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ወደ ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ እኔም ይህንኑ ነው የምለው።

መልስ 3 ከዳንግላ ነው፤ መልስ 1ን አረመ። ጀርባው ላይ ክፍተት ያለው ኬዝ ሁሉ ኤቲኤክስ አይደለም። እሱ ራሱ አንድ የዴል ኬዝ ገዝቶ ተቸግሯል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2003 ቢቲኤክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት አስተዋውቆ ነበር፤ ዴልም በብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮቹ ተጠቀመበት። በእሱ አሠራር ቦርዱ የሚታሰረው በተቃራኒው ጎን ነው። ኢንቴል በ2006 ቢተወውም ኬዞቹ እስከ ዛሬ በየቢሮው አሉ። ቡሬው በመልስ 4 እርማቱን በደስታ ተቀበለ፤ መለያውንም ጨመረ። ኬዙን ከፊት ለፊት እያየህ የሚከፈተው የግራ ጎኑ ከሆነ ኤቲኤክስ ነው፤ የቀኝ ጎኑ ከሆነ ጠርጥር። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይላል። አለመታደል ሆኖ ብዙም አልቆየም።

መልስ 5 ላይ ልቆይ። የጻፉት በፍኖተ ሰላም በርና መስኮት የሚሠሩ አንጋፋ የብረት ባለሙያ ናቸው። ልጃቸው አንብቦላቸው፣ እሳቸው እየነገሩት እንደጻፈ ከላይ አስቀምጧል። ማርቆሱ ልጅ መለኪያውን ልኮ ነበር፤ ከኋላ ግድግዳው እስከ ሃርድ ዲስክ መደርደሪያው 22 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ካርዱ ደግሞ 24። ስለዚህ መደርደሪያው መነሣት አለበት። እሳቸው መጀመሪያ የተናገሩት ሙሉ በሙሉ እንዳይነሣ ነው። ያ መደርደሪያ ዕቃ ከመያዙ በላይ የኬዙን ፊትና ወለል አያይዞ ያቆማል። እሱ ከወጣ ኬዙ ሲነሣ ይጣመማል፤ ቦርዱም አብሮ ይታጠፋል። የላይኛው ግማሽ ባለበት ይቆይ፣ የታችኛው ይቆረጥ፣ በተቆረጠው ምትክ ቀጭን አንግል በሪቬት ይታሰር ነው ያሉት።

አቆራረጡንም በዝርዝር አስረዱ። መደርደሪያው የተያዘው በሪቬት ከሆነ መጋዝ አያስፈልግም፤ የሪቬቱን ጭንቅላት በ3 ሚሊ ሜትር ተኩል የድሪል ጫፍ ሲበሱት ራሱ ይለቃል። የግድ መቁረጥ ካስፈለገ በብረት መጋዝ ወይም በላሜራ መቀስ ይሻላል። ግራይንደር ቀጭን ላሜራን ያግለዋል፣ ያጣምመዋል፣ ቀለሙንም ያቃጥለዋል። ብየዳን ጭራሽ እንዳያስበው አስጠነቀቁ። የተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራን ከማያያዝ ይልቅ ይበሳዋል። የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለስልስ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፣ በመጨረሻም ቀጭን የጎማ ቱቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ይልበስ፤ እጅም ሽቦም አይቆረጥም።

ኮምፒውተር ከፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግን ከመልሶቹ ሁሉ ስለ ኬዙ አካል በትክክል የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ኬዝ መጀመሪያ ብረት ነው። በየከተማችን ብረት የሚያውቅ ሰው አለ፤ ኮምፒውተር የሚሠሩ ልጆች ግን እሱን መጠየቅ ትዝ አይላቸውም።

መልስ 6 እዚህ ላይ ገባ። ወጣት ነው፣ ችኩልም ነው። ሪቬት መብሳትና ሞረድ ማሸት የጥንት ሥራ እንደሆነ፣ እሱ በግራይንደር በአምስት ደቂቃ እንደጨረሰ ጻፈ። ማዘርቦርዱን እንኳ ሳያወጣ፣ በላስቲክ ሸፍኖት ብቻ እንደቆረጠ ጨመረ። መልስ 7 ከእንጅባራ ነው፤ ጠንከር ብሎ መጣ። ይህን ምክር ሰምቶ አንድ ልጅ ዕቃውን ቢያቃጥል ማን ይከፍለዋል ሲል ሞገተው። የራሱ የሥራ ባልደረባ እንዲሁ አድርጎ ቦርዱን ገድሏል። የብረት ብናኝ ላስቲክ አያቆመውም፤ በማስገቢያዎቹና በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ሲመጣም ሁለት መሥመር ያገናኛል። እኔም ከመልስ 7 ጋር ነኝ። ሲቆረጥ ኬዙ ባዶ ይሁን። ከዚያ በማግኔት ይጠረግ፣ በነፋስ ይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ይድረቅ። ቦርዱ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መልስ 8 የእኔ ነው፤ ስለ አየሩ ጻፍኩ። የዚያ ዘመን ኬዝ አየር የሚያስገባው ፊቱ ሥር ባሉ ጥቂት ጠባብ ስንጥቆች ነው። ከኋላ ያለው ቦታ ደግሞ ለ80 ሚሊ ሜትር ፋን ነው የተሠራው። ያኔ ፕሮሰሰሩ ብዙ አይግልም ነበር፣ ስለዚህ ይበቃ ነበር። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን እስከ 170 ዋት ይበላል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ኬዙ ውስጥ ይወጣል። ብዙ ሰው መፍትሔው የኬዙን ፊት መብሳት ይመስለዋል። ይህ ልጅ ግን ሦስት የሲዲ ቦታዎች አሉት። የአንዱ ወርድ 146 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፍታው 41 ያህል። ሦስቱ ሲደመሩ ከፍታቸው 124 ይሆናል። የ120 ሚሊ ሜትር ፋን ልክ ቁጭ ይልበታል! የሚያስፈልገው ሦስቱን የፕላስቲክ ክዳኖች አውጥቶ፣ ከኋላቸው ያሉትን የላሜራ ሽፋኖች ወዲያና ወዲህ አጥፎ መስበርና ፋኑን በሁለት የላሜራ ቁራጭ ማሰር ነው። ፊቱ ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ አይበሳም። የ120 ፋን ስፋት ከ80ው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ብዙ አየር ቀስ ብሎ እየዞረ ስለሚገፋም ጩኸቱ ያንሳል።

ፓወር ሰፕላዩንም፣ ማለትም ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ነካሁ። በእንዲህ ዓይነት ኬዝ የሚቀመጠው ከላይ ነው። የዛሬዎቹ ትልቁ ፋናቸው አንድ ጎን ላይ ስለሆነ ያ ጎን ወደ ታች ማየት አለበት። ወደ ላይ ከተገለበጠ ፋኑ ከኬዙ ጣሪያ ጋር ተፋጥጦ አየር ያጣል። ርዝመቱም 140 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ ረዥሞቹ ከሲዲው ቦታ ጋር ይጋጫሉ፣ አዲሱ ፋን የሚገባውም እዚያው ነው።

መልስ 9 ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው። ፖሊ (የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ) የተማረች መሐንዲስ ናት፤ ሌላው ሁሉ የዘለለውን ነገር አነሣች። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፣ ባሕር ዳርም 1,800 ገደማ ናት። ማርቆስ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። በኢንተርኔት ላይ የሚታዩት የሙቀት መለኪያዎች ብዙዎቹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተወሰዱ መሆናቸውን ታሳቢ እንዲያደርግ መከረች።

መልስ 10 ተቃወማት። የማርቆስን ብርድ የማታውቅ ካልሆነች እንዲህ አትልም ነበር የሚል ቃና አለው፤ ትንሽ ያስቀይማል። ክርክሩ ግን መሠረት አለው። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢወርድ የዕቃው ሙቀትም በዚያው መጠን ገደማ ይወርዳል። የጮቄ ንፋስ በሚነፍስበት ከተማ ማታ የሚጫወት ሰው ከባሕር ዳር ቀትር በብዙ ይሻለዋል። መሐንዲሷ በመልስ 11 ቃናውን አልወደደችውም፣ ነገሩን ግን ተቀበለችው። ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ይሰማኛል። ለማርቆስ ብርዱ የሳሳውን አየር ያካክሰዋል። ወደ እኛ ወደ ሐይቁ ዳር ሲመጣ ግን የሚያካክሰው ብርድ የለም።

አቧራው ላይ ሲደረስ ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ ሄደ። መልስ 12 ከቢቸና ነው። ጤፍ በሚወቃበት ወራት ብናኙ ቤት ድረስ እንደሚገባ፣ እሱም በፋኑ ፊት አጎበር ወጥሮ እንደሚከላከል ነገረን። መልስ 13 የጤና ባለሙያ ናት፤ በጣም ተቆጣች። አጎበር የሚታደለው ሰው እንዲተኛበት ነው፣ ቆላው ላይ ወባ ሰው ይጥላል፣ ለኮምፒውተር አጎበር የሚቆርጥ ሰው ማፈር እንዳለበት ጻፈች። ቢቸናው ይቅርታ ጠየቀ፤ የተቀደደና ከአገልግሎት የወጣ እንደሆነ አስረዳ። ቁጣዋ ተገቢ ነው። የተጣለ የመስኮት ወንፊት ወይም አሮጌ ስስ መጋረጃም ይሠራል። መልስ 15 ላይ ጥሩ ማሟያ መጣ፤ ወንፊቱ አንድ ንብርብር ብቻ ይሁን፣ በየጊዜው ይታጠብ፣ የሚያስገባው ፋንም ከሚያስወጣው ይበርታ። ያኔ አየሩ በወንፊቱ በኩል ብቻ ይገባል፤ በየስንጥቁ የሚገባው አቧራ ይቀንሳል። ከኋላ የጎደሉ የካርድ ክዳኖች ካሉም ይደፈኑ፤ በረሮም አይጥም የሚገባው በዚያ ነው።

አሁን ክሩ የጋለበት ቦታ ላይ ደረስን። መልስ 16 ለልጁ ያዘነ መስሎ አደገኛ ምክር ሰጠው። ከኬዙ ጋር የመጣው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ስለሚሠራ እንዳይጥለው፣ ከ20 ፒን ወደ 24 የሚቀይር ገመድ ገዝቶ እንዲጠቀምበት። መልስ 17 በአንድ መሥመር ሰውየውን ቤት አቃጣይ አለው። መልስ 18 የባሰ ሰደበው፤ ስድቡን እዚህ አልደግመውም። አስተባባሪው ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

ያረጋጋው መልስ 19 ነው፤ የአንድ የቴክኒክና ሙያ መምህር ጽሑፍ ነው። ልጁ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ መለያ ወረቀት እንዲያነብ ጠየቀው። ልጁም አንብቦ 12 ቮልቱ ላይ 13 አምፔር እንደሚል መለሰ። መምህሩ አባዛው፦ 12 በ13 ሲባዛ 156 ዋት። ካርዱ ብቻውን 170 ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ በ65 ዋት የተመደበ ነው። ገና ቦርዱ፣ ራሙና ፋኖቹ አልተቆጠሩም። የጥንቶቹ ኃይላቸው የሚበዛው በ5 ቮልቱና በ3.3 ቮልቱ መሥመር ነበር፤ የዛሬ ዕቃ ግን አብዛኛውን የሚስበው ከ12ቱ ነው። መቀየሪያው ገመድ ፒኑን ያስተካክላል እንጂ ኃይል አይጨምርም።

መምህሩ በዚህ አላበቃም፤ የቀጠለው ለእኛ አገር በጣም ይጠቅማል። አሮጌዎቹ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አላቸው። የእኛ መሥመር 220 ቮልት ስለሆነ በስሕተት 115 ላይ ከተደረገ ወዲያው ይፈነዳል። ጥሩ የሆኑት አዲሶቹ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለ ማብሪያ ይቀበላሉ፤ ማታ ማታ መብራት ሲደክም የሚተርፉት ለዚህ ነው። መለያቸው ላይ ይህ መጻፉን አይቶ 550 ዋት ያህል እንዲገዛ መከረው። አሮጌውን ደግሞ ለማየት ጓጉቶ እንዳይከፍተው፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ እንደሚቆይ አሳሰበው። እኔም አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ገንዘብ ከቸገረ ካርዱን ዝቅ አድርጉ፣ ኬዙን ቀለም አትቀቡ፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አትቆጥቡ።

መልስ 20 ቀለም ከሚለው ተነሣ። ኬዙን ጥቁር ስፕሬይ ከቀባ ወዲህ ሲነካው እጁን ይነዝረዋል፤ ቀለሙ ይሆን ሲል ጠየቀ። መልስ 21 ቀለሙ እንዳልሆነ አስረዳው። ችግሩ ኤርዝ የሌለው ሶኬት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የማጣሪያ ክፍል ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ አካል ያሾልካል፤ ኤርዝ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ከሌለ በሰው እጅ ይሄዳል። ቀለሙ ግን ሌላ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ከኬዙ ጋር የሚገናኙት በብሎኖቻቸው ነው። ስለዚህ ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ከብረት ይገናኝ። ያለ ኤርዝ የተዘረጋ ቤት ብዙ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ማስተከል ከካርድ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው።

ከ22 እስከ 26 ክሩ ከርዕሱ ወጣ። አንዱ በእንዲህ ያለ ኬዝ ላይ በፓወር ግዕዝ (በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም) ማመልከቻ ይጽፍ የነበረበትን ዘመን አነሣ፤ ሌሎች ተከተሉት። አንዲት እህት ያን የፍሎፒ ድራይቭ ድምፅ እስከ ዛሬ እንደምትናፍቅ ጻፈች። ሌላው ጨዋታውን ትቶ የቆራሌ ዋጋ ጠየቀ። ከእነዚህ መካከል አንድ የሚያዝ ነገር አገኘሁ። አዲስ አበባ ተምሮ ወደ ጎጃም ሲመለስ ኮምፒውተሩን በአውቶቡስ ያመጣ ሰው ነው። ካርዱን ሳያወጣ በቁም ጭኖት ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የአባይ በረሃ መንገድ ሲንጠው፣ የካርዱ ክብደት ማስገቢያውን ሰበረው። ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል፤ ኬዙም ቦርዱ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በጎኑ ይጫን።

መልስ 27 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ፍኖተ ሰላም የጥገና ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ የማብሪያውን ሽቦዎች አነሣች። የማብሪያው፣ የሪሴቱና የዲስክ መብራቱ ገመዶች ዛሬም እንደ ድሮው ይገባሉ። የሚያስቸግረው የኃይል መብራቱ ነው፤ አሮጌው መሰኪያ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሽቦዎቹም ዳርና ዳር ናቸው፣ አዲሱ ቦርድ ግን ሁለት ፒን ብቻ ነው ያለው። መርፌ ይዞ የፕላስቲኩን ትንሽ ምላስ ቀና ሲያደርጉ ሽቦው ይወጣል፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው ቀዳዳ ማዛወር ነው። መቁረጥም ብየዳም የለም። የፊት ዩኤስቢውን በሚመለከት፣ ለዩኤስቢ 3 የሚሆን መሰኪያ በፍሎፒው ቀዳዳ ልክ ተሠርቶ እንደሚሸጥ ጠቆመች። የናስ እግሮቹንም አልረሳችም። ማዘርቦርዱን ከላሜራው የሚያነሡት እነዚያ እግሮች በቦርዱ ቀዳዳዎች ትይዩ ብቻ መኖር አለባቸው። አንድ ትርፍ እግር ከቦርዱ ጀርባ ከነካ ኮምፒውተሩ አይነሣም፤ አንዳንዴም ይቃጠላል። ይህን ነጥብ ሌላ ማንም አላነሣውም ነበር።

መልስ 28 የጠያቂው ነው። ሥራውን ጨርሶ መጣ። መደርደሪያውን እንደተባለው ከግማሽ አስነሥቶ አንግል አሳሰረ፤ የሠራለት በሰፈሩ ያለ የበርና መስኮት ባለሙያ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ለማሟላት ትንሽ ጠብቆ አዲስ ገዛ። ፋኑን ግን መጀመሪያ ሳያስገባ ሞክሮ ነበር፤ ጨዋታ ሲከፍት ካርዱ ከ80 ዲግሪ በላይ ወጣ። ሦስቱን ክዳኖች ከፍቶ የ120 ፋን ካሰረ በኋላ 70 አካባቢ ረጋ። ቢጫውን ቀለም አልነካውም፣ እንዲሁ ይቆያል። መልስ 6 እንኳ ፎቶውን አይቶ አደነቀው።

መልስ 29 ከሞጣ አዲስ ጥያቄ ይዞ ገባ። የእሱ ኬዝ ጀርባው ላይ ክፍተት የለውም፤ አንዲት ክብ ቀዳዳ ብቻ ናት። ኤቲ ነው ማለት ነው። ሚኒ አይቲኤክስ ቦርድ ሊያስገባበት ይፈልጋል። መልስ 30ን እኔ ጻፍኩ። በመጀመሪያ ከፊት ያለውን ማብሪያ ይንቀለው። በኤቲ ኬዝ ያ ማብሪያ 220 ቮልቱን በቀጥታ የሚያቋርጥ ነው፤ ከአዲስ ቦርድ ጋር በፍጹም መገናኘት የለበትም። በምትኩ ሲጫኑት ብቻ የሚያገናኝ፣ ሲለቁት የሚመለስ የበር ደወል ቁልፍ ይበቃል። ከዚያ ቦርዱ የሚያርፍበትን ቦታ በካርዱ ማስገቢያ ይወስን። ካርዱን ቦርዱ ላይ ሰክቶ፣ የካርዱን ጀርባ ከኬዙ ማስገቢያ ጋር አስተካክሎ፣ አራቱን ቀዳዳዎች ያኔ በእርሳስ ያመልክት። የኋላውን ክፍተት የሚቆርጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር፣ ትንሽ አጥብቦ ቆርጦ በሞረድ እያሰፋ። የጀርባውን ፎቶና የውስጡን ወርድ እንዲልክ ጠይቄዋለሁ፤ ሲልክ የኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ከፍታ አብረን እናያለን።